ከጨዋታው በኋላ የተነገረ ደንብ

ትዕዛዙ እርሳሱን በምላጭ እየቀረጸ ነበር። ቅርፊቱን ወለሉ ላይ አይጥልም፤ በግራ መዳፉ ይሰበስበዋል። ፍልሰታ ገብቷል። ጉሙ ከተማችንን መሐል ሜዳን ከቀትር ጀምሮ ስለሸፈናት ኮከቤ በልብስ ስፌት ቤቷ ከሰል አቀጣጥላ በመካከላችን አስቀምጣለች።

«የኔታ፣ ይቀጥሉ እንጂ!» አለች። «ወንዙ እስኪጎድል ልንጠብቅ ነው?»

«የኔታ» የምንለው ዓምደ ሚካኤልን ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የቅኔ ትምህርቱን አቋርጦ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራል። አንቱታውም ለጨዋታ ነው፤ ከጠረጴዛው ስንነሳ አንተ እንለዋለን።

የምንጫወተው ጨዋታ ሰሌዳ የለውም። እያንዳንዳችን ወረቀት ላይ የጻፍነው አንድ ሰው አለን። መሪው ዓምደ ሚካኤል አገሩንና የሚገጥመንን ይተርካል፤ እኛ ሰዎቻችን የሚያደርጉትን እንናገራለን፤ ውጤቱ ሲያጠራጥር በየገጹ ቁጥር ያለበት ባለ ሃያ ገጹ ዳይስ ተጥሎ ይወስናል። ደንቡን የሚያውቀው መሪው ብቻ ነው። «ተጫዋች ደንብ ካወቀ መጫወቱን ትቶ መከራከር ይጀምራል» ይላል ዓምደ ሚካኤል። መሪውን በጨዋታ መካከል ማረምም ክልክል ነው። ይህን ያመጣው ከተማረበት ቅኔ ቤት ነው፤ እዚያ መምህሩ ቢሳሳቱ እንኳ ተማሪ ጉባኤው እስኪበተን ይጠብቅና ብቻቸውን ሲሆኑ ቀርቦ ይነግራቸው ነበር።

የትዕዛዙ ሰው ስሙ ይታየው ነው። ይታየው የትዕዛዙ ታናሽ ወንድም ነበር። አምና ከዓለም ከተማ ሲመለስ የተሳፈረበት አውቶቡስ ገደል ገባ። ትዕዛዙ ለወረቀቱ ሰው የሰጠው የወንድሙን ስም ብቻ አይደለም፤ ድምፁን ቀጠን አድርጎ፣ ነገር ሳይጨርስ እየሳቀ፣ ልክ እንደ እሱ ይቀልዳል። ከሐዘኑ ወዲህ የሚስቀው እሁድ እሁድ፣ በይታየው አፍ ብቻ ነው።

ያን ቀን ሰዎቻችን የሞላ ወንዝ እየተሻገሩ ነበር።

«ገመዱን ማን ይይዛል?» አለ ዓምደ ሚካኤል።

«ይታየው ነዋ!» አለ ትዕዛዙ በዚያ በቀጭኑ ድምፅ። «እናንተማ ውርጭ ነው ብላችሁ ሳምንት ሙሉ ፊታችሁን የማትታጠቡ፣ ከውሃ ጋር ምን አገናኛችሁ?»

«አፈኛ! ይውሰድህ!» አለች ኮከቤ እየሳቀች።

ከዚያ ውሃው ግንድ ይዞ መጣ። ዓምደ ሚካኤል ዳይሱን ጣለ፤ ግንዱ ይታየውን ደረቱን መታው። ትዕዛዙ አዲስ በቀረጸው እርሳስ ወረቀቱ ላይ የቀረውን የጉልበት ቁጥር ሰርዞ ዜሮ ጻፈ።

«አንዴ ይጥላል» አለ መሪው። «አሥርና ከዚያ በላይ ከመጣ ይተርፋል። ካልመጣ አለቀ።»

ደንቡ እንዲህ አይደለም። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የጨዋታውን ደንብ መጽሐፍ ከሰኔ ጀምሮ በስልኬ፣ በድብቅ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ሳነብ ነበር። የወደቀ ሰው ወዲያው አይሞትም። ሦስት ጊዜ ይጣልለታል፤ በዚያ መካከል አጠገቡ ያለ ጓደኛ ሊደርስለት ይችላል። የእኔ ሰው ከይታየው ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ ነበር።

ትዕዛዙ የጣለው ዳይስ ሰባት ላይ ቆመ።

«ሌላ የለም?» አለች ኮከቤ። «የኔታ፣ እስቲ ደህና አድርገው ያስቡ።»

«ደንብ ነው» አለ ዓምደ ሚካኤል። ሲናገር ማንንም አላየም።

አፌን ከፈትኩ። ሰው ፊት «ተሳስተሃል» ማለት አስፈራኝ፤ ተደብቄ ማንበቤም ይታወቅብኛል። ሲያልቅ እነግረዋለሁ አልኩ። ሩብ ሰዓት ቢዘገይ ምን ይጎዳል ብዬ ነበር።

ትዕዛዙ ወረቀቱን ለሁለት አጠፈው፤ እንደገና ለሁለት አጠፈውና ከሰሉ ላይ አኖረው። ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም።

«ያን ጊዜ አጠገቡ አልነበርኩም» አለ በራሱ ድምፅ። «ዛሬ ነበርኩ። ያው ነው።»

የእርሳሱን ቅርፊት እሳቱ ላይ በትኖ ጋቢውን ተከናነበና ወጣ። ኮከቤ ስሙን እየጠራች ተከተለችው።

ብቻችንን ስንቀር ስልኬን ለዓምደ ሚካኤል ሰጠሁት። ገጹን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እኔ የያዝኩት አሳጥረው የጻፉትን ነው» አለ። «ሙሉውን አላየሁትም።» ቀና ብሎም «እፀገነት፣ መቼ ነው ያወቅሽው?» አለኝ።

«ከሰኔ ጀምሮ።»

«ታዲያ እያየሽ ዝም?»

«ከጉባኤው በኋላ ነው ያልከን።»

ስልኬን መለሰልኝ።

በማግስቱ ሁለታችንም ትዕዛዙ ቤት ሄድን። በር ላይ ቆሞ ሰማን፤ ግቡ አላለንም። ዓምደ ሚካኤል ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ፣ ይታየውንም እንደገና ልንጽፈው እንደምንችል ነገረው።

«ሦስት ጊዜ ነበር?» አለ ትዕዛዙ።

«ሦስት።»

«ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔ» አልኩ።

ደጁን እንጂ እኔን አላየም። «የወንድሜንም ነገር እንዲህ ነው የነገሩኝ» አለ። «እስኪመሽ ድረስ ከገደሉ ሥር ሲጣራ ነበር አሉ። የሰሙት ሰዎች ይህን የነገሩኝ አርባው ካለፈ በኋላ ነው። እንዳላዝን ብለው።»

በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

በሚቀጥለው እሁድ አልመጣም። ሦስታችን ተቀመጥን፤ ዳይሱን ማንም አልነካውም። ዓምደ ሚካኤል «ጻፊ» አለኝ። ኮከቤ የጨርቅ ጥቅል የመጣበትን ካርቶን ቀድዳ ሰጠችኝ። እሱ ከስልኬ ያነባል፤ እኔ በአማርኛ በትልልቁ እጽፋለሁ፤ ኮከቤ እስኪገባት ድረስ ትጠይቃለች። ስንጨርስ ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«የተሳሳተ ሲያይ ያወቀ ሰው ወዲያው ይናገር የሚለውስ የታለ?»

«መጽሐፉ ላይ የለም» አልኳት።

«አንቺ ጻፊው ታዲያ! መጽሐፉ እዚህ ተቀምጦ ነበር እንዴ?»

ዓምደ ሚካኤልን አየሁት። ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ጻፍኩት።

ካርቶኑን ከስፌት መኪናው በላይ፣ ከሁሉም ወንበር በሚታይበት ቦታ ግድግዳው ላይ አስደግፌ ሦስቱን ማዕዘን በምስማር መታሁ። አራተኛው ምስማር ተጣመመብኝ። ነቅዬ አቃናሁት፤ መልሼ መታሁትና መዶሻውን መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት።