ድንገተኛ ክፍሉ ሲዘጋ

ሳሊሃ ለብዙ ዓመት ነርስ ሆና ሠርታ፣ ወገቧ አልታዘዝ ሲላት፣ የስቴቱ መንግሥት የሆስፒታል ተቆጣጣሪ አድርጎ ቀጠራት። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ሳይናገሩ ይሄዳሉ፣ መታወቂያ ያሳያሉ፣ ከዚያ ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ያዩትን ይጽፋሉ። ባሏ ጃፋር፣ ካናል ዊንቸስተር በሚባለው የከተማዋ ዳርቻ ካሉት ትልልቅ መጋዘኖች በአንዱ ፎርክሊፍት የሚነዳው፣ ሰው ስለ ሥራዋ ሲጠይቀው «ሆስፒታል ትቆጣለች» ይል ነበር። እሷም ትስቃለች። በልቧ ግን ትኮራበት ነበር። ነርስ ሳለች በአንድ ፈረቃ የምትደርሰው ለጥቂት ሰው ነው፤ አሁን አንድ ሆስፒታል ሲታረም ስንት ሰው እንደሚተርፍ እያሰበች ነበር በየጠዋቱ መኪናዋን የምታስነሳው።

ይህን ሥራዋን አብዝተው የሚመርቁላት እትዬ ሲቲ ነበሩ። እትዬ ሲቲ የከሚሴ ሴት ናቸው። ሳሊሃ ከአገር ቤት አዲስ መጥታ ነርስነት ስትማር፣ ጃፋር ሁለት ሥራ ሲሠራ፣ ልጆቿን አቅፈው ያሳደጉላት እሳቸው ናቸው። ምን ልክፈልዎ ብትላቸው ተቆጥተው፣ ስትጨርሺ እኔን ታክሚኛለሽ አሏት። አሁን እርጅናው ከአስም ጋር ተደርቦባቸው፣ እዚሁ ተወልዳ ካደገችው ልጃቸው ከጀነት ጋር በከተማዋ ምሥራቅ አንድ አፓርታማ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ከደጃቸው ብዙም ሳይርቅ አልደር ክሪክ የሚባል ትንሽ ሆስፒታል አለ። ትንፋሻቸው ሲያጥር ጀነት ደግፋቸው መንገዱን ይሻገሩና ድንገተኛ ክፍል ይገባሉ።

በዒድ ማግሥት ሳሊሃ ልትጠይቃቸው ስትሄድ የደረሰባቸውን አጫወቷት። አስሙ ተነሥቶባቸው ቢሄዱ፣ ኮሪደር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር አስቀምጠዋቸው የሚያያቸው ጠፋ። ከንፈራቸው መጥቆር ሲጀምር ጀነት ነርስ ፍለጋ ያገኘችውን በር ሁሉ እየከፈተች ሮጠች። እትዬ ሲቲ ይህን ሲያወሩ በማንም ላይ አልከፉም። ነርሶቹ ልጆች ምን ያድርጉ፣ ጥቂት ሆነው ይንከራተታሉ አሉ። የከፋት ጀነት ነበረች።

ሳሊሃ እሷ ራሷ አቤቱታ ማቅረብ እንደማትችል፣ ግን ማንም ሰው የሚደውልበት የመንግሥት ስልክ እንዳለ ነገረቻቸው። ጀነት እዚያው ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች ደወለች። በእንግሊዝኛ፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ፣ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። እትዬ ሲቲ የልጃቸውን አፍ አፍ እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። እንዲህ መናገር የምትችል ልጅ ስለሰጣቸው አላህን አመሰገኑ።

ሳሊሃ በማግሥቱ ለአለቃዋ አቤት ያለችውን ሰው እንደምታውቃት አልደበቀችም። አለቃዋ ስለዚያ ሆስፒታል ሌላም ብዙ ሰው እንደጮኸ ነገረቻት። የእትዬ ሲቲን ጉዳይ ሌላ ባልደረባ ይይዘዋል፣ አንቺ ድንገተኛ ክፍሉን በጠቅላላው ታያለሽ ብላ ላከቻት።

የሄደችው በአንድ ማክሰኞ ከሰዓት ነው። አልጋዎች በኮሪደሩ ግድግዳ ጥግ ተሰልፈዋል። አንድ ሽማግሌ የማስታወኪያ ዕቃ ታቅፈው ወንበር ላይ አንቀላፍተዋል፤ ዕቃው ሞልቷል። ከየክፍሉ በር በላይ የነርስ መጥሪያው መብራት በርቷል፣ የሚያጠፋው የለም። ሳሊሃን ያስደነገጣት ግን ጸጥታው ነበር። የልብ ምት የሚከታተሉት ማሽኖች መጮህ ነበረባቸው። ጠጋ ብላ ስታይ የድምፅ ማውጫቸው ላይ የቁስል ፕላስተር በድርቡ ተለጥፎበታል። ከሥሩ ድምፁ ታፍኖ፣ ቅርጫት እንደተደፋበት ጫጩት ሲጥ ሲጥ ይላል።

የዕለቱ ኃላፊ ነርስ ሰብለ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች። ሳሊሃ ፕላስተሩን አሳይታ ማን እንደለጠፈው ጠየቀቻት።

«እኔ ነኝ» አለች ሰብለ። «ሁሉም አንድ ላይ ሲጮህ ወዴት እንደምሮጥ ጠፋኝ። ባልለጥፈው ጥዬ እወጣ ነበር።»

ሳሊሃ ይህ ከተጻፈ በሥራ ፈቃዷ ላይ ሊመጣባት የሚችለውን አስረዳቻት። ሰብለ በጓንቷ ጀርባ ግንባሯን ጠረገች።

«ይምጣ። አትቀንሺ፣ እህቴ። ያየሽውን ሁሉ ጻፊ። እኛ ስንናገር አይሰሙንም፤ መንግሥት ሲናገር ይሰማሉ።»

ሳሊሃም አልቀነሰችም። ለሕይወት አስጊ የሚባለውን፣ ከሁሉ የከበደውን ደረጃ ሰጠችው። የሆስፒታሉ ባለቤት ሌላ ስቴት ያለ ኩባንያ ነበር። ወይ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ አርሙ፣ ወይ መንግሥት ከእናንተ ጋር ያለውን ውል ያቋርጣል ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ነርሶች በኮንትራት መጡ። ፕላስተሩ ተነሣ። እትዬ ሲቲ በዚያ ሰሞን አንድ ጊዜ ሄደው ወዲያው ታይተው ተመለሱ፤ ስልክ ደውለውም ሳሊሃን ረጅም ዱዓ አደረጉላት። ሳሊሃ ያን ቀን መኪናዋን መንገድ ዳር አቁማ ነበር ዱዓውን የተቀበለችው።

በበጋው ማብቂያ ኩባንያው መግለጫ አወጣ። መንግሥት የጠየቀውን ማሟላት ስላልቻልን ድንገተኛ ክፍሉን እንዘጋለን፤ ሕንፃው ቀን ቀን ቀጠሮ ላለው ሰው ብቻ የሚሠራ ክሊኒክ ይሆናል የሚል ነበር።

የሰፈሩ ሰው በአንድ ትምህርት ቤት ጂም ተሰበሰበ። ሳሊሃ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የእሷ ቢሮ ሠራተኛ እንዲህ ባለ ስብሰባ መናገር አይፈቀድለትም፤ ከቢሮው የተላከ ቃል አቀባይ ነበር። ከኩባንያው የመጣው ሰው ማዘናቸውን ደጋግሞ ተናገረ። ሰው እየተነሣ ጠየቀ፣ አንዳንዱም አለቀሰ። በመጨረሻ እትዬ ሲቲ በጀነት ተደግፈው ማይኩ ጋ ቆሙ። ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ በአማርኛ ተናገሩ፤ ጀነት ተረጎመች።

«እኛ ያልነው ጉድለቱን አርሙት ነው» አሉ። «በሩን ዝጉት ያለ ማነው? ቤት አፈሰሰ ተብሎ ጣራው ይጠገናል እንጂ ሰዉ ውጭ ይጣላል?»

ጂሙ በጭብጨባ ተናወጠ። ቃል አቀባዩ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቆ፣ ሕጉ የሚፈቅድልን ሆስፒታል ደኅንነቱን እንዲጠብቅ ማስገደድ ነው፣ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ማስገደድ አንችልም አለ። ቃሉ እውነት ነበር። ሳሊሃ ከዚያ ቀን በፊት ብታውቀውም እንዲህ ጮክ ተብሎ ሲነገር ሰምታው አታውቅም። እትዬ ሲቲ ከማይኩ ሲመለሱ በዓይናቸው ፈለጓት። አገኟትም። ዓይናቸውን መልሰው በጀነት ተደግፈው ወደ ወንበራቸው ሄዱ።

ክፍሉ በመከር ተዘጋ። «ድንገተኛ» የሚለው ቀይ ጽሑፍ ከሕንፃው ላይ ወረደ። ሰብለ ከሥራ ወጥታ ሉዊስ ሴንተር በሚባል ሰፈር አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቀጠረች። አንድ ጊዜ ለሳሊሃ ስትደውልላት ድምፅዋ የደከመ ነበር። ጻፊ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ አንቺ አትዘኚ አለቻት። ሳሊሃ ግን ስልኩን ስትዘጋ የባሰ አዘነች። በሐላል ሱቁ ደግሞ አንድ ቀን ሥጋ ለማስቆረጥ ተሰልፋ ሳለ፣ ከፊቷ የቆመች ሴት፣ ሳሊሃ ከኋላዋ መኖሯን ሳታውቅ፣ ስለ እሷ ለጓደኛዋ ስታወራ ሰማቻት። «ኩል ልኳላችሁ ብላ ዓይናችንን አጠፋችው» አለች ሴትየዋ። ሳሊሃ ተራዋን ትታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ጃፋርን ነው ሱቅ የምትልከው።

ክረምቱ ጠንከር ብሎ በገባ ሰሞን፣ በረዶው መንገዱን በዘጋበት አንድ ጠዋት፣ የእትዬ ሲቲ አስም ተነሣ። ጀነት አምቡላንስ ጠራች። አምቡላንሱ መሐል ከተማ ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ይዟቸው ሄደ። እዚያም ከምሥራቁ ሰፈር የሚመጣው ሰው ስለበዛ አምቡላንሶች ደጅ ተሰልፈው ቦታ ይጠብቁ ነበር። የአምቡላንሱ ሠራተኞች አልቦዘኑም፤ የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉ። እትዬ ሲቲ ግን ሰልፉ ውስጥ፣ የሆስፒታሉ በር እየታያቸው አረፉ።

ሳሊሃ ካጠቧቸው ሴቶች አንዷ ነበረች። በነርስነት ብዙ ሬሳ አጥባለች፤ የእሳቸው እጅ ጋ ስትደርስ ግን ውኃውን ለሌላዋ ሴት ሰጠች። ልጆቿን ያዘለው ትከሻ እንዲህ ቀጭን መሆኑን ከዚያ በፊት አላየችም።

ከቀብር መልስ ቤቱ በሰው ሞላ። ጀነት መኝታ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሳሊሃ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። ጀነት ለረጅም ጊዜ የስካርፏን ጫፍ ስትጠቀልልና ስትፈታ ቆየች።

«አንቲ ሳሊሃ፣ ያን ቀን ኮል ባላደርግ ኖሮ» አለች፤ «ማሚ ኮሪደሩ ላይም ቢሆን ነርስ ታገኝ ነበር። አይደል?»

ሳሊሃ የምትመልሰውን ፈለገች። ሕጉን ታውቃለች፣ በሽታውን ታውቃለች፣ ያ ኮሪደር እንደነበረ ቢቀጥል ሌላ ሰው እንደሚሞትበት ታውቃለች። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ልትላት አፏን ከፈተች። ግን ጀነት የጠየቀቻት ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልነበረም።

«አላውቅም፣ ልጄ» አለቻት።

ጀነት ራሷን ነቀነቀች። ሌላ አልጠየቀችም። ከዚያ በኋላ ሳሊሃ ስትደውል ስልኩን ታነሣለች፣ ደኅና ነኝ ትላለች፣ ሥራ በዝቶብኛል ትላለች። ቤት ግን ነይ አላለቻትም።

በረዶው ሲቀልጥ አለቃዋ ሳሊሃን ከከተማው ርቆ ወደ ደቡብ፣ በእርሻ መካከል ወዳለች ትንሽ ከተማ ላከቻት። እዚያ ያለው ሆስፒታል ለአካባቢው ሁሉ አንድ ነው። ድንገተኛ ክፍሉ ውስጥ ያየችው እንደ አልደር ክሪክ የከፋ አልነበረም፤ ደግሞም ከዚያ ብዙ የሚሻል አልነበረም። ለጠቅላላው ክፍል የነበሩት ሁለት ነርሶች ናቸው። ደረቱን ይዞ የመጣ አንድ ወጣት ገበሬ የልብ ምርመራ ሳይደረግለት ተቀምጧል፤ ሳሊሃ ራሷ ነች ነርሷን ጠርታ ለምርመራ ያስገባችው። ነርሷ ወጣት ነበረች። ሳሊሃን አላባበለቻትም፣ አልለመነቻትም። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ድንገተኛ ክፍል የት እንደሆነ ሳሊሃ ስትጠይቃት ብቻ፣ ተራራውን ተሻግሮ መሆኑን፣ መንገዱም ወንዝ ሲሞላ እንደሚዘጋ ነገረቻት።

ሳሊሃ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ከፈተች። ገበሬውን ጻፈች። ነርሶቹን ጻፈች። የጉድለቱ ደረጃ ጋ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። አትቀንሺ ያለቻት የሰብለ ቃል መጣባት፤ ጀነት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየቻት። ደረጃውን ዝቅ አደረገችው። መታረም ያለበት ግን የማያስጨንቅ ጉድለት የሚባለውን መረጠች። ለዚያ መንግሥት ማስጠንቀቂያ ይልካል፤ ሆስፒታሉ እናርማለን ብሎ ይመልሳል፤ ደግሞ የሚያየው ሰው እስኪላክ ብዙ ጊዜ ያልፋል።

አለቃዋ ሪፖርቱን አይታ ደወለችላት። ደረጃው ካየሽው ጋር ይሄዳል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሳሊሃ ይሄዳል አለች። አለቃዋ በዚህ ሥራ አንቺን የሚያህል ሰው የለኝም አለቻት። ሳሊሃ አመስግና ዘጋችው። በሕይወቷ በሥራ ላይ ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነበር።

ጃፋር ነገሩን የሰማው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ምግብ ስትገፋ፣ ሶላት ላይ ስታለቅስ አይቶ እያባበለ አወጣጣት። ጨርሳ ስትነግረው አጠገቧ ተቀመጠ። ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት ነበር።

«ታዲያ አሁን ያ ሆስፒታል ደኅና ነው?» አላት።

«ክፍት ነው» አለችው።

አሁን ሳሊሃ ሱብሂን ሰግዳ ስትነሣ፣ ገና ሰጋጃውን ሳታጥፍ ስልኳን ታነሣለች። የዚያች ትንሽ ከተማ ጋዜጣ በየቀኑ የሞቱ ሰዎችን ዜና ያወጣል። ፎቶ አለው፣ የልጆችና የልጅ ልጆች ስም አለው፣ እንዴት እንደሞቱ ግን አይጽፍም። ሳሊሃ አንድ በአንድ ታያቸዋለች። ዕድሜያቸው ከገፋው ላይ ትንሽ ትተነፍሳለች። ወጣት የሆነ ገበሬ ሲገጥማት ፊቱን አተልቃ ታየዋለች፤ ያ ደረቱን ይዞ የተቀመጠው ይሁን አይሁን ለመለየት ትሞክራለች፣ አትለይም። ከዚያ ጃፋር ከታች ሆኖ ሥራ ረፈደብሽ እያለ ይጠራታል። ሳሊሃም ስካርፏን አስተካክላ፣ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አጥልቃ ትወርዳለች።