መቅዘፊያ የማይነካው አባት

እህቴ ኒካሲያ ስታረግዝ ባሏ ኤሎይ ካሳቫ ቂጣና ቅቅል ሙዝ ብቻ የሚበላ ባሕታዊ ሆኖ ቁጭ አለ። ኤሊ አይበላም፤ ሕፃኑ ይንቀረፈፋል። ገመድ አይቋጥርም፤ እትብቱ ይጠመጠማል። ከሁሉም በላይ መቅዘፊያ አይነካም፤ አባት ሲቀዝፍ የልጁ ወገብ ይቆረጣል። እኛ በካሪቢያን ባሕር ዳር የምንኖር ጋሪፉናዎች እንዲህ እናምናለን። በዚህ ሁሉ የባሕር ዳርቻ ደግሞ እንደ ኤሎይ የሚቀዝፍ አልነበረም።

"አንተ ነህ እንዴ ያረገዝከው?" እለው ነበር። "ና እስቲ፣ ሆድህን ልዳብስልህ!"

"ሳቂብኝ እህቴ፣ ግዴለም። የፊተኛውን የቀበርኩት እኔ ነኝ።"

እውነቱን ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ሞቶ ሲወለድ መንደሩ በሙሉ ጣቱን የቀሰረው በእሱ ላይ ነበር፤ እሷ እርጉዝ ሳለች ዓሣ ሲያጠምድ ከርሟል ተብሎ። ይኼኛውንም ቢያጣ ሰው የሚሆን አይመስለኝም ነበር።

ቀኑ ደርሶ ኒካሲያ ምጡ ጠናባት፤ ደም ፈሰሳት። አዋላጇ እማማ ታኒስላ "ከአቅሜ በላይ ነው፤ ሐኪም ጋ ውሰዷት" አሉ። ሐኪም ያለው ከመንደራችን ጀርባ ካለው ሐይቅ ማዶ ነው፤ ሞተር ያላቸው ጀልባዎች በሙሉ ባሕር ወጥተዋል። ኒካሲያን ታንኳ ላይ አስተኛናትና እኔና አባቴ ቀዘፍን። አባቴ አርጅቷል፤ የእኔም ክንድ ካሳቫ መፋቅ እንጂ መቅዘፍ አይሆንለትም። ነፋሱ ወደ ኋላ ይመልሰናል።

አጠገቧ የተቀመጠው ኤሎይ አላስችል ብሎት መቅዘፊያዬን ቀማኝ።

"እንዳትነካው!" አለች ኒካሲያ በተኛችበት። "ልጄን እንዳትገድልብኝ ኤሎይ! በእናትህ!"

"አትስማት፣ ቅዘፍ!" ብዬ ጮህኩ።

አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ መቅዘፊያውን መለሰልኝና ጭንቅላቷን ታቅፎ ተቀመጠ።

ልጅቷ ማዶ እንደደረስን ተወለደች። ኒካሲያ ለቅሶዋን ሰምታለች፤ ፈገግም ብላለች። ከዚያ በኋላ ግን ደሟን ማቆም አልተቻለም። ሐኪሙ "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ..." ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። እህቴን በዚያው ታንኳ ይዘናት ተመለስን።

የሐዘኑ ጸሎት ባበቃ ማግስት ኤሎይ ሕፃኗን ታቅፎ እማማ ታኒስላ ቤት መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

"እማማ፣ ለልጅ የሚጠበቀውን ሁሉ ነገሩኝ፤ አንድም ሳላጓድል ጠበቅኩ። ለእሷስ? ለእሷ ምን ማድረግ ነበረብኝ?"

እማማ ታኒስላ አንገታቸውን ደፉ። እኔ መልሱን አላጣሁም፤ ግን ልጅ ታቅፎ የቆመን ሰው እንዴት ብዬ ልንገረው? እሱም መልሱን ያጣው አይመስለኝም። ሲወጣ፣ ደጃፉ ላይ የተደገፈውን መቅዘፊያ ላለማየት ፊቱን አዞረ።