በጭስ የተያዘ ሰዓት

«ይህ ሰውዬ ሰዓቱን እስካላስቀመጠ ድረስ አልለቅም!»

የመኪና ጭስ ማውጫ የሚበይደው ማርሚታ ሠሪው ትንሿን አውሮፕላን በግራ እጁ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ በቀኙ ወደ ሰዓት ሠሪው እየጠቆመ ይጮኻል። አውሮፕላኗ ከቀላል እንጨትና ከስስ ወረቀት የተሠራች፣ ከአንድ እንቁላል ብዙም የማትከብድ ነገር ናት። ሆዷ ሥር ጣት የምታህል ሮኬት ታስራለች። ከድሮው የጡብ ፋብሪካ ጀርባ፣ ሣሩ በታጨደው ሜዳ ላይ የተሰበሰበው አርባ ምናምን ሰው የራሱን ወሬ ትቶ ወደ ሁለቱ ዞረ። ጠብ ሲሸተው ዞር የማይል ሰው የለም።

«አማቼ ነው! ዘመድ ዘመዱን አይዳኝም፤ ደንባችሁ ላይ ተጽፏል!»

«የሥጋ ዘመድ ነው የሚለው» አሉ ዋና ዳኛዋ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው። ሠላሳ ዓመት መድኃኒት ሲሸጡ ስለኖሩ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይላቸዋል። «አማች ሥጋ አይደለም።»

«አጥንት ነው» አለ ከሰዓት ሠሪው አጠገብ የቆመው የመብራት ቆጣሪ አንባቢ። «ጉሮሮ ላይ የሚሰነቀር።»

ሰዉ ሳቀ። ሰዓት ሠሪውም ዘግይቶ ፈገግ አለ። ቀልዱን ግን አልሰማውም፤ ፈገግ ያለው ሌሎቹ ሲስቁ ስላየ ነው።

ይህን ማንም አያውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት ሦስት ቀን አልጋ ላይ የጣለው ትኩሳት ቀኝ ጆሮውን ይዞ ሄደ። ግራው ፊት ለፊት የሚያናግረውን ሰው ይሰማል፤ የወፍ ድምፅ፣ የስልክ ጥሪ፣ ፉጨት ግን አይገባውም። ሚስት ብትኖረው በሳምንቱ ትደርስበት ነበር፤ እሱ ግን ከሱቁ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ብቻውን ይኖራል። ደንበኞቹ ደግሞ ከሌላው ሰፈር ድረስ የሚመጡት ሰዓት ጆሮው ላይ አስጠግቶ በሽታውን ስለሚናገር ነው። አሁን ሰዓቱን ጆሮው ላይ የሚያስጠጋው ለይምሰል ነው፤ ምቱን የሚለየው በመንጋጋው አጥንት ነው። ያልሰማው ወሬ ሲያጋጥመው በአዎንታ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። እስካሁን አዋጥቶታል።

የማያዋጣው እዚህ ሜዳ ላይ ነው። የውድድሩ ደንብ አጭር ነው፤ ሮኬቷ ተለኩሳ አውሮፕላኗ ከእጅ ከወጣች በኋላ የሚነካት የለም፤ ገመድም ሪሞትም የላትም። አየር ላይ የቆየችበት ሰከንድ ሮኬቷ በሠራችበት ሰከንድ ይካፈላል። የተገኘው ነጥብ ነው። የበረራውን ሙሉ ሰዓት የሚይዘው ቆጣሪ አንባቢው ነው፤ እሱ ሁለት ሰከንድ ቢሳሳት የሚያለቅስ የለም። የሮኬቷን ሰዓት የሚይዘው ሁለት ሰከንድ ከተሳሳተ ግን አንደኛ የነበረው አራተኛ ይሆናል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሮኬቷን የያዘው ደግሞ ሰዓት ሠሪው ነው። አንቀጽ ሰባት «ሮኬት ቆመ የሚባለው ድምፁ ሲቆም ነው፤ ጭስ አይቆጠርም» ይላል።

ሰዓት ሠሪው በጭስ ነበር የሚይዘው። ሌላ ምን ምርጫ አለው? የሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ጭስ ከድምፃቸው ጋር አብሮ ስለሚያልቅ ማንም አልተጎዳም። ማርሚታ ሠሪው ግን ሙያው አስገድዶት ይሆናል፣ ሮኬቱን ከመጠጥ ጣሳ በቆረጠው ስስ ቱቦ ውስጥ ከቶ ነው የሚያስነሳው። ሮኬቱ ካለቀ በኋላ ቱቦው ውስጥ የቀረው ጭስ ሁለት ሰከንድ ያህል ይጎተታል። አምና በእነዚህ ሁለት ሰከንዶች ዋንጫውንም፣ ለአሸናፊው የሚሰጠውን የቡድን መሪነትም አጣ። «ሆን ብሎ ነው!» ብሎ ሜዳው ላይ ተንፈራገጠ። ሰዉም በልቡ አመነው፤ ሁለቱ ዓይንና ናጫ መሆናቸውን የማያውቅ የለምና። ማርሚታ ሠሪው የሰዓት ሠሪውን እህት አግብቶ የአባታቸው ቤት በገባ በስድስት ወሩ፣ አባታቸው ጋዜጣ የሚያነቡበትን በረንዳ ብየዳ ቤት አድርጎታል። ሰዓት ሠሪው ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት እግሩን አላስገባም። ይጠላዋል። አልሸሸገውም፤ ሱቁ ለመጣ ሰው ሁሉ ይናገራል።

የቱቦው ነገር የገባው አምና በዚያው ዕለት ነው። ዝም አለ።

«ሦስተኛና የመጨረሻ በረራ!» አሉ ዳኛዋ። «ወይ ልቀቅ፣ ወይ ውጣ።»

ማርሚታ ሠሪው የመጀመሪያውን በረራ ነፋስ አበላሽቶበታል፤ በሁለተኛው ሮኬቱ እንቢ ብሎታል። ከሦስቱ የተሻለው ስለሚያዝ የቀረችው ይህች ብቻ ናት። እየተራገመ ሚስቱን በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

«ስልኩን አብሪው። ድምፁን ቅረጪ እንጂ ወንድምሽን አትይው!»

የሰዓት ሠሪው እህት ስልኩን ወደ ላይ ያዘች። ሰዓት ሠሪው ዘንድሮ ዘዴ አስቦ ነው የመጣው፤ ሮኬት ሲቆም የአውሮፕላን አፍንጫ ትንሽ ዝቅ ይላል። ጭሱን ትቶ አፍንጫዋን ሊጠብቅ ነው። ሰዓት መያዙን ልተው ቢል «ለምን?» ይሉታል፤ ለምን እንደሆነ ደግሞ መናገር አይሆንለትም።

የሮኬቷ ክር ተለኮሰ። አውሮፕላኗ ከማርሚታ ሠሪው እጅ ወጥታ ነጭ መስመር እያሰመረች ወጣች። ሰዓት ሠሪው አፍንጫዋ ላይ ዓይኑን ተከለ። ልክ በዚያች ሰዓት ከፋብሪካው ግድግዳ በኩል የመጣ ነፋስ ከሥሯ ገብቶ አነሳት፤ አፍንጫዋ ዝቅ አላለም። ጠበቀ። አሁንም ጠበቀ። ጭሱ ሲያልቅ በድንጋጤ የሰዓቱን ቁልፍ ተጫነ።

አሥራ ሦስት ሰከንድ።

አውሮፕላኗ በዘጠና ዘጠነኛው ሰከንድ ሣሩ ላይ አረፈች። እስከዚያ ድረስ ማርሚታ ሠሪው ወደ አውሮፕላኗ ዞር ብሎም አላየም፤ የሰዓት ሠሪውን እጅ ነበር የሚያየው።

«ስንት ያዝክ?»

«አሥራ ሦስት።»

«አሥራ ሦስት!» ማርሚታ ሠሪው ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ሰማችሁ? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉሃል ይሄ ነው! ስልኩን አምጪው!»

ስልኩ የዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ዳኛዋ ጎንበስ አሉ፤ ቆጣሪ አንባቢውም በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ መቁጠር ጀመረ። ሰዓት ሠሪውም እንደ ሌላው ጎንበስ አለ። የሚሰማው የነፋስ ጉምጉምታ ብቻ ነው። የሰዎቹን ፊት አየ። አሥራ አንደኛው ላይ የቆጣሪ አንባቢው ጣት ቆመ፤ ሁሉም አንድ ላይ ቀና ብለው አዩት።

«ደንቡ ስልክ አያውቅም» አሉ ዳኛዋ ቀስ ብለው። «ደንቡ የሚያውቀው የጊዜ ያዡን ቃል ነው። አሥራ ሦስት ነው ካልክ አሥራ ሦስት ይሆናል። ግን እኛም ጆሮ አለን። ምን ተፈጠረ?»

ሰዓት ሠሪው አሰበ። አሥራ ሦስት ነው ብሎ ቢገግም ሰው ሁሉ የሰማውን እሱ ብቻ አልሰማም ማለት ነው፤ ነገ ጠዋት ወሬው ሱቁ በር ላይ ይደርሳል። ጆሮው የሞተ ሰዓት ሠሪ! የሚጠሉትን ሰው መሆን ይሻለዋል። ጥላቻ ቢያንስ ሙያ አያስቀርም።

«ሆን ብዬ ነው» አለ።

ማርሚታ ሠሪው ራሱ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ዓመት ሙሉ ሲል የከረመውን ነገር ሰውየው በራሱ አፍ ይለዋል ብሎ አልጠበቀም።

«ምን?» አሉ ዳኛዋ።

«ሆን ብዬ አዘገየሁት። አልወደውም። በቃ።»

«ዘጠኝ ዓመት አምነንህ!» ዳኛዋ ፊታቸው ተለዋወጠ። ቅጽ አውጥተው ቃሉን በእስክሪብቶ እየጫኑ ጻፉበት። «በዚህ ሜዳ ዳግመኛ ሰዓት አትይዝም። በረራው በአሥራ አንድ ይሰላል። ፈርም፣ ከዚያ ከፊቴ ጥፋ።»

«ሌባ!» አለ ማርሚታ ሠሪው፣ ልሳኑ ሲመለስለት። «አላልኩም? አንቺስ ‹ወንድሜ አያደርገውም› እያልሽ ስትንጫጪ አልነበር? በይ እንግዲህ ጉድሽን ስሚ!»

ሰዓት ሠሪው እስክሪብቶውን አንስቶ ጎንበስ አለ። እህቱ በቀኙ በኩል መጥታ ቆመች። አንድ ነገር ተናገረች። ጥላዋን ወረቀቱ ላይ ሲያይ ቀና አለ፤ ከንፈሯ ተዘግቶ ነበር፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እንደ ልማዱ በአዎንታ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ፈገግ አለላት።

እህቱ በጥፊ የተመታች ያህል ወደ ኋላ ሸሸች።

«ኧረ ምን ዓይነት ሰው ነህ!» አለ ቆጣሪ አንባቢው።

ዳኛዋም አዩት፤ ማርሚታ ሠሪው እንኳ መሳደቡን አቆመ። ሰዓት ሠሪው ምን ላይ ራሱን እንደነቀነቀ አላወቀም። ያወቀው ነገር ቢኖር የእህቱን ፊት እንዲህ ሆኖ አይቶት እንደማያውቅ ብቻ ነው። እናታቸው በሞቱ ቀን እንኳ እንዲህ አልሆነም። አሁን ፈርሞ መሄድ ይችላል። እህቱም የሰጣትን ፈገግታ ዕድሜ ልኳን ይዛ ትኖራለች።

«ምን ነበር ያልሽኝ?» አለ።

«አሁንም ያሾፍባታል!» አለ ማርሚታ ሠሪው።

«አላሾፍኩም። አልሰማኋትም።» ቀኝ ጆሮውን በጣቱ ነካ። «በቀኝ ጆሮዬ አልሰማም። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሮኬቱንም አልሰማሁትም፤ በጭሱ ነው የያዝኩት። በግራዬ ነይና ድገሚልኝ።»

እህቱ ጠረጴዛውን ዞራ በግራው በኩል መጣች። የዋህ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ታቅፈዋለች ብሎ ይጠብቅ ነበር። አላቀፈችውም።

«ያልኩህ እንዲህ ነው» አለች፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየች። «ሁለት ጊዜ ሱቅህ መጥቼ ‹ወንድም ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ› ብዬህ ‹ሰዓት አይዋሽም› ብለህ መለስከኝ። እኔም ያንን ይዤ ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰው ጋር ዱላ ቀረሽ ስጣላ ከረምኩ። ቤቴ ውስጥ በአንተ የተነሳ ስንት እንደተሰደብኩ እያወቅክ ነው ዝም ያልከኝ? ነው ያልኩህ።»

አንዷም ቃል አላመለጠችውም። ጎረቤቶቿ ሰዓት ሊያሠሩ በመጡ ቁጥር ነግረውታል። ማርሚታ ሠሪው ምግብ ላይ ሳይቀር «የወንድምሽ ሰዓት» እያለ እንደሚያበሽቃት፣ አንድ ሌሊት ሳሎን እንዳደረች፣ ሁሉንም። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሰዓቱን ሲፈታ ሲገጥም ከርሟል። ለዚህኛው የሞተ ጆሮ ምክንያት አይሆነውም።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ደንቆሮ!» አለ ማርሚታ ሠሪው። «ደንቆሮ ዳኛ አስቀምጠውብኝ ዓመት ሙሉ...»

«አንተ ዝም በል!» አለችው ሚስቱ፤ ዘወር ብላም አላየችው።

ሰዓት ሠሪው ቅጹን አቀና። «ሆን ብዬ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዞ ከላዩ «አልሰማሁም» ብሎ ጻፈ። ትንሽ ቆየና ከሥሩ «ያለፈው ዓመትም እንዲሁ፤ በዚያው ቀን አውቄ ዝም ብያለሁ» ብሎ ጨመረበትና ፈረመ። ዳኛዋ ወረቀቱን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

ለእሳቸው አልሰጠም። መጀመሪያ እንድታነበው ለእህቱ ዘረጋላት።