በበሩ በኩል ያለው አረንጓዴ

"እማማ! ገና አልለበሱም?" ሰብለ ከባጃጁ ወርዳ እየሮጠች ገባች። "የዓይን ሐኪሞቹ እኮ ዛሬ ከቡሬ ከሄዱ ለወራት አይመለሱም!"

ወይዘሮ ተናኜ ከመደቡ ንቅንቅ አላሉም። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሰዓት በአገጫቸው ጠቆሙ። "ምን ያክለፈልፍሻል? መች ደረሰና!"

ትናንት ይህችው የልጃቸው ሚስት ስልኳን አውጥታ የዓይን ቀጠሯቸውን በሥዕል አሳይታቸው ነበር። ሥዕሉ ክብ ሰዓት ነው፤ የቀጠሮው ሰዓት እንደ ዳቦ ቁራሽ አረንጓዴ ተቀብቷል። ተናኜ ቁጥር አይለዩም። አንዱን ዓይናቸውን ሞራ ቢጋርደውም በሌላው አይተው ልብ ብለዋል፤ አረንጓዴው በግራ፣ በበሩ በኩል ነው። ከንጋት ጀምሮ የግድግዳውን ሰዓት አጭር ቆጣሪ ሲጠብቁ፣ እሱ በመስኮቱ በኩል ይንፏቀቃል።

"በበሩ በኩል ሲዞር እነሣለሁ። ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ።"

ሰብለ ስልኩን ከግድግዳው ሰዓት ጎን አስጠጋችው። የስልኩ ቆጣሪ አረንጓዴውን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ የግድግዳው ወደ መስኮቱ ዞሯል። እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ጀርባ ተሰጣጥተዋል።

"ወይኔ! ስልኬ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። እኛ ሁለት ስንል እሱ ስምንት ይላል።"

"ፈረንጅ እዚህ ማንኩሳ ድረስ ምን ሊሠራ መጣ?" አሉ ተናኜ፣ ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ።

"እርስዎስ ቢጠይቁኝ ምን ነበር?"

"ጠይቄ አላውቅም፤ በስተርጅና አልጀምርም።"

ከባጃጅ ወደ ሚኒባስ እየዘለሉ ቡሬ ሲደርሱ፣ ነርሷ "ተናኜ የሉም?" ብላ ስማቸውን ልትሰርዝ ነበር።

"አለች!" አሉ ከበሩ፤ ግቢው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

ማታ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ታሽጎ ተመለሱ። ፋሻውን የቡሬዋ ነርስ የምትፈታው በማግስቱ ጠዋት ነው። ሰብለ ስልኩን ዘረጋችላቸው፤ አዲሱም አረንጓዴ በበሩ በኩል ነው።

"በኛ ሰዓት ላስተካክልልዎት፣ እማማ?"

"ስልክሽን አትንኪ። የግድግዳውን አውርጂልኝ።"

አወረደችላቸው። ተናኜ ተቀብለው ግልብጥ አደረጉትና፣ አሥራ ሁለት ቁጥሩ ወደ ታች ሆኖ እንዲሰቀል በገመድ አሰሩት።

"እማማ፣ ቁጥሩ ተዘቀዘቀ እኮ! ሰው ይሥቅብናል!"

"ቁጥር የሚያነብ አንገቱን ያዝቅዝቅ። እኔ የማየው አጭሩን ነው፤ ነገ እሱም በበሩ በኩል ይመጣል።"

"ረጅሙስ?"

"ረጅሙ እንደ ሥራ ፈት ጎረቤት ሲዞር ይውላል። ማን ይከተለዋል?" ሰዓቱን መልሰው አስያዟት። "በይ ስቀዪው። ነገ ለብሼ በሩ ላይ ነው የምጠብቅሽ።"