ከአራተኛ ፎቅ የተሰጠ ድምፅ

የላብራቶሪ ባለሙያዋ ጡረታ ከወጣች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ጉልበቷ ከከዳት ደግሞ አምስት። ከአራተኛ ፎቅ መውረድ ለእሷ ሰማይ የመቧጠጥ ያህል ነው። ባለፈው ምርጫ ድምፅ ሳትሰጥ ቀርታለች። ዘንድሮ ቤት ተቀምጦ በስልክ መምረጥ ይቻላል ሲባል እንደ እሷ ደስ ያለው ሰው አልነበረም።

የሚጠይቃት ሰው የእህቷ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ። የመዘገባት እሱ ነው። «አንቺ መልእክት መክፈት ትረሻለሽ» ብሎ ድምፅ በተሰጠ ቁጥር የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥር በራሱ ስልክ እንዲመጣ አደረገ።

ምርጫው የተከፈተ ቅዳሜ ስልኳን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። መነጽሯን ልታመጣ መኝታ ቤት ገብታ ስትመለስ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል።

«ጨረስን፣ አክስቴ።»

«ምኑን?»

«መረጥሽ። ሰልፍ የለ፣ ጣት መቀባት የለ። ምን የመሰለ ዘመን መጣልሽ።»

«ማንን መረጥኩ?»

ሳቀ። «የኛን ሰው ነዋ። ሌላ ልትመርጪ ነበር እንዴ?»

የተቃጠለ አምፖል ቀየረላት፣ ግንባሯን ስሞ ሄደ።

የስልክ ምርጫውን መመሪያ ከላይ እስከ ታች አነበበች። ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ በዓይኗ ያላየችውን ናሙና ውጤት ፈርማ አታውቅም። ሰባተኛው ገጽ ላይ አገኘችው፦ እስከ መዝጊያው ሰዓት ድምፅን መቀየር ይቻላል፤ የሚቆጠረው የመጨረሻው ነው። ምርጫ ጣቢያ መጋረጃ ነበረው፤ ከኋላዋ የሚገባ አልነበረም። ሳሎን እንዲህ ያለ መጋረጃ እንደሌለው ደንቡን ያወጡት ሰዎችም ያውቃሉ፤ መቀየር የፈቀዱት ለዚህ ነው ማለት ነው።

ግን ብትቀይር ቁጥሩ እሱ ጋ ይሄዳል፤ ያውቃል። ኩርፊያው ከእናቱ የወረሰው ነው። እናቱ በአንድ ቃል ተቀይማ፣ አራት ዓመት ሳታነጋግራት ነው የሞተችው። እሱም ከቀረ ቅዳሜ እንደ ማክሰኞ ይሆናል።

ሦስት ቀን አወጣች አወረደች። በአራተኛው፣ መዝጊያው ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ስልኳ ላይ የራሷን ምርጫ ነካችና ደወለችለት።

«ቁጥር ደረሰህ?»

«አሁን ገባ። ምንድን ነው? ጨርሰን የለም እንዴ?»

«አንተ ጨርሰሃል። እኔ ገና ነኝ።»

ከወዲያ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«አላመንሽኝም ማለት ነው?»

«የቤቴ ቁልፍ አንተ ጋ ነው። ይሄ ሌላ ነው።»

«ለማን ልትሰጪ ነው?»

«እሱን አልነግርህም።»

«ሰው ሲያረጅ ይገለበጣል ሲሉ እውነታቸውን ነው።»

«ቁጥሩ በአምስት ደቂቃ ይሞታል፣ የኔ ልጅ። አንብብልኝ።»

ጉሮሮውን ጠረገ። ስድስቱን አኃዝ አንድ በአንድ፣ እንደ ባዕድ ሰው አነበበላት። መልሳ አነበበችለት። ልክ ነው እንኳ ሳይላት ስልኩን ዘጋው።

አስገባችው። ስልኩ «ድምፅዎ ተመዝግቧል» አላት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ወንበሯን ተደግፋ ተነሣች። ኮቴው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመ፤ የሰው በር ተከፍቶ ተዘጋ። ትንሽ ቆይታ ሬዲዮኑን ከፈተችና ውጤቱን ብቻዋን አዳመጠች።