የቋጥኝ ቀላል ጠመንጃ

ቋጥኝ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። ያ ትልቅ ጠመንጃው ሲያጓራ ሌላ ሰው ቢሆን ተንገዳግዶ ይወድቃል፤ እሱ ግን ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት አዳኝ ነው። ሰው የወጋ ጎሽ ወይም ጀልባ የገለበጠ ጉማሬ ሲኖር ይጠራል። ሚስቱም እዚያው ትሠራለች፤ ዱካ የምታነበው እሷ ናት። ኮቴ ስታይ ቁጭ ብላ፣ ጎሹ መቼ እንዳለፈ፣ ቆስሎ ይሁን ደህና፣ እንደ ጋዜጣ ታነበዋለች። ከአባቷ የወረሰቻትን ሰባት ሚሊ ጠመንጃ አንግታ ከኋላው ትከተላለች። እሱ ያቺን ጠመንጃ "የወፍ ማባረሪያ" እያለ ይቀልድባታል፤ እሷም ትስቅለታለች።

አንድ ዓመት ትከሻው አስቸገረው። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መብራት አንስቶ ካየ በኋላ፣ "ያንን መድፍ እንደገና ከተኮስክ ክንድህ የሸሚዝ እጅጌ መሙያ ብቻ ነው የሚሆነው" አለው። ቋጥኝ ለሐኪሙ ሳቀለት፤ ቤቱ ሲገባ ግን ሸሚዙን ለማውለቅ የሚስቱን እጅ ፈለገ። ስለዚህ ቀለል ያለ ጠመንጃ ሊመርጡ አብረው ወደ ጠመንጃ ሠሪው ሄዱ።

ሱቁ ጠባብና ረጅም ነው። ዘይትና አዲስ የተላገ እንጨት ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ጥጉ ላይ ግማሹ የተቀረጸ ሰደፍ በማሰሪያ ተይዞ ቆሟል። ጠመንጃ ሠሪው ከሁለቱም በዕድሜ ያንሳል፤ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል።

"ቀላል እፈልጋለሁ" አለ ቋጥኝ። "ግን ጎሽ የሚጥል። የአፈሙዙ ቀዳዳ ትልቅ ይሁን።"

"ጋሼ፣ ሁለቱ አይዋደዱም እኮ። ጥይቱ ሲበረታ ጠመንጃውም መክበድ አለበት፤ ምቱን የሚውጥልዎት ክብደቱ ነው። ቀላል ጠመንጃ ላይ ኃይለኛ ጥይት ከጫኑ፣ በፊት ለፊት ጎሹን፣ በኋላ እርስዎን ነው የሚመታው።"

"እኔ ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ።"

ጠመንጃ ሠሪው አልተከራከረም። ሁለት ጠመንጃ አምጥቶ ጨርቁ ላይ አጋደማቸው። አንደኛው አጭርና ጥቁር፣ ሰደፉ ፕላስቲክ፣ ባሩዱ የበዛ ጥይት የሚጎርስ፣ ባለ ዘጠኝ ነጥብ አምስት ሚሊ ማግነም ነው። ሌላው ቀጠን ያለ፣ ሰደፉ እንጨት፣ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት ሚሊ ነው።

"እኔን ከጠየቁኝ ይሄኛው" አለ እንጨቱን ዳበስ እያደረገ። "ጥይቱ አይቸኩልም። ከባድና ረጅም ስለሆነ ግን የትከሻ አጥንት ሰብሮ ልብ ድረስ ይገባል። የሚመታዎት በመዳፍ ነው፤ ያኛው በቡጢ ነው።"

ቋጥኝ ጥቁሩን አነሳ። እጁ ላይ ሲያመዛዝነው ፊቱ ፈካ። ሚስቱ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ዝም ብላ ታየዋለች።

ከሱቁ ጀርባ በአሮጌ ጎማና በአሸዋ ከረጢት የታጠረ መተኮሻ አለ። ሚስቱም ተከትላቸው ወጣች። ቋጥኝ ጥቁሩን ጠመንጃ ትከሻው ላይ ተክሎ ተኮሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ኢላማው ላይ ምንም የለም፤ ከስሩ ግን አሸዋው ይፈሳል።

"ማነጣጠሪያው ተዛብቷል" አለ።

"ይሆናል" አለ ጠመንጃ ሠሪው። "እስቲ አሁን ደግሞ እኔ ላጉርስልዎት።"

ጀርባውን ሰጥቶ አጎረሰና መልሶ ሰጠው። ቋጥኝ አነጣጠረ፤ ቃታውን ሳበ። ጠመንጃው አልጮኸም። ቀጭ አለ፣ በቃ። ያ የተረጋጋ የሚባለው ሰውዬ ግን ጥርሱን ነክሶ፣ ዓይኑን ጭፍን አድርጎ፣ ጥፊ እንደሚጠብቅ ሕፃን ተሸማቆ ነበር። አፈሙዙ ከኢላማው ወርዶ ወደ መሬት አጎንብሷል። አንድም የሚመታው ነገር ሳይኖር ነው ይህ ሁሉ የሆነው።

ቋጥኝ ዓይኑን ሲገልጥ አፈሙዙ ያለበትን አየና ክው አለ። የሌላ ሰው እጅ የያዘው ጠመንጃ መሰለው።

"ምንድነው ያጎረስከው?"

"ባሩድ የሌለው ጥይት ነው፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትከሻቸውን የሚያማቸውን ሰዎች ሁሉ እንዲህ ነው የምፈትናቸው። ሰውነት ምቱን ያስታውሳል፤ ከጥይቱ ቀድሞ ይሸሻል። ሰውየው ራሱ አያውቀውም።"

"ድገመው።"

ደገመው። አሁን እውነተኛ ይሁን ባዶ አያውቅም። ቀጭ። አፈሙዙ እንደገና አጎነበሰ። ቋጥኝን ላብ አሰጠመው። ይዞት የመጣውን ትልቁን ጠመንጃ ከመኪናው አስመጣ፤ ይሄ የለመድኩት ነው፣ አያሳፍረኝም ብሎ። እሱ ላይ ደግሞ ባሰበት። አንገቱ ሁሉ ትከሻው ውስጥ ገባ።

ጠመንጃውን ከረጢቱ ላይ አስቀመጠና ሊስቅ ሞከረ፤ አፉ ግን ደርቆ እምቢ አለው።

"ሞኝ አታድርጉኝ" አለ። "ዓይኑን ጨፍኖ የሚተኩስ ሰው ያን ሁሉ ጎሽ እንዴት ይገድላል? እስቲ ንገሩኝ። ማን ገደላቸው ታዲያ?"

ይህን ያለው ለመርታት እንጂ ለመጠየቅ አልነበረም። ጠመንጃ ሠሪው መነጽሩን ያጸዳ ጀመር። ሚስቱ የጫማዋን ጫፍ አየች፤ ከዚያ ቀና አለች።

"እኔ ነኝ" አለች።

ቤት ውስጥ ጨው አልቋል የምትል ያህል ነበር ድምጿ። ቋጥኝ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ደሙ ከፊቱ ሸሸ። ከረጢቱን ተደግፎ ቆመ።

ጠመንጃ ሳይመርጡ ወጡ። መኪናውን የምትነዳው እሷ ናት። ቋጥኝ ወደ እሷ ዞረ።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም አይደለም። በድሮው ጠመንጃህ የጣልካቸው ያንተ ናቸው። የኔ የሆኑት መሥሪያ ቤቱ ይሄን ትልቁን ከሰጠህ ወዲህ ያሉት ናቸው።"

"ድምፅ አልሰማሁም እኮ።"

"እንዴት ትሰማለህ? ያንተ መድፍ ሲጮህ የኔ ምኑ ይሰማል። ካንተ እኩል ነው የምስበው። አንዳንዴ ትንሽ ስዘገይ ድርብ ሆኖ ይሰማሃል፤ አንተ የገደል ማሚቶ ነው ትላለህ።"

እውነት ነው፣ እንዲያ ይል ነበር። ሰው በተሰበሰበበት፣ "የኔ ጠመንጃ ሁለቴ ነው የሚናገረው" እያለ አውርቶታል። ያን ጊዜ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

መሪውን አጥብቃ ያዘች። "የመጀመሪያው ቀን አጋጣሚ መሰለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ጥይትህ የዛፍ ቅርፊት ሲገነጥል በዓይኔ አየሁ። ልነግርህ ስል ሰዎቹ መጥተው ቋጥኝ፣ ቋጥኝ ሲሉህ ፊትህ በራ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ እያልኩ ቀረ። በኋላ ደግሞ ፈራሁ።"

"ምንድነው የምትፈሪው?"

"ካወቅክ ጭራሽ እጅህ ይንቀጠቀጣል ብዬ ነዋ። አንድ ቀን እኔም ከሳትኩ አንተን መቅበሬ ነው።"

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ሙሉ ለሙሉ የገባው። በሸምበቆው ውስጥ የመጣበት ጎሽ ትዝ አለው። ያ ጎሽ እግሩ ሥር ነው የወደቀው፤ የመጨረሻ ትንፋሹ ጫማውን አርጥቦታል። ቋጥኝ የተባለውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ያን ታሪክ ሲተርክ ኖሯል፤ እንዴት እንደጠበቀው፣ እንዴት እንዳልቸኮለ። ለካ ያን ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ባዶ እጁን እንደቆመ ሰው ነበር። በእሱና በጎሹ ቀንድ መሀል የነበረችው የወፍ ማባረሪያዋ ብቻ ናት። ከዚያ በኋላም እንዲሁ፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ስንት ጊዜ ሞቶ እንደነበር ሊቆጥር ሞከረ።

"አቁሚው" አላት።

ወርዶ መንገድ ዳር አስታወከ። ውሃ አቀበለችው። እሱ አፉን ሲጉመጠመጥ ፊቷን ወደ ሜዳው መለሰች፣ እንዳላየች ሆና።

በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱን ቆዳ ገፋፊ ፈልጎ አገኘው። ሰውየው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ቢላ ይስላል።

"አንተም ታውቅ ነበር?"

ቆዳ ገፋፊው ምኑን ብሎ አልጠየቀም። "ሥጋ የሚከፍት ሰው ምን ይሰወረዋል፣ ጋሼ። ከሥጋው የሚወጣው የጥይት እርሳስ ሁሌ ቀጭኑ፣ የእትዬ ነው። ወስጄ ሰጠኋቸው፤ ዝም በል አሉኝ፣ ዝም አልኩ። በባልና በሚስት መሀል ገብቶ የተመሰገነ ሰው ደግሞ አላየሁም።"

ቋጥኝ ተመልሶ ቤቱ ገባና አኮረፈ። ምግብ ሲቀርብ ጀርባውን ሰጥቶ ይበላል። ሊቆጣ ይፈልጋል፤ ግን በምን ይቆጣ? በሕይወት አቆየሽኝ ብሎ ሚስቱን የሚከስ ሰው የት አለ? ቁጣው መውጫ አጥቶ ውስጡ ሲዞር ሰነበተ። እሷም አልለመነችውም፤ ሥራዋን ትሠራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ትተኛለች። አንድ ቀን ቁርስ ላይ ሳህኑን አንስቶ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ።

"የት ላይ ነበር የምትመቻቸው?" አላት።

ጠረጴዛው ላይ በጣቷ ጎሽ ሣለችለት። "እዚህ ጋ፣ ከትከሻው ዝቅ ብሎ። የኔ ቀጭን ስለሆነች ወፍራሙ አጥንት ላይ አትበቃም። ስለዚህ የፊት እግሩን እስኪያራምድ እጠብቃለሁ።"

"እየመጣብኝ? ቆመሽ ትጠብቂያለሽ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ።"

ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ሲነጋገሩ ቆዩ። በሥራ ጉዳይ እንደዚህ ካወሩ ዓመታት አልፈዋል። የሚያወራው እሱ፣ የምታዳምጠው እሷ ነበረችና።

ከዚያ ጠመንጃ ሠሪው ጋር ተመለሱ። ቋጥኝ ጥቁሩን ዞር ብሎም አላየው። ቀጭኑን፣ ዘጠኝ ነጥብ ሦስቱን አነሳ። ጠመንጃ ሠሪው ሰደፉን በክንዱ ልክ አሳጠረለት፣ ጫፉ ላይ ጎማ ገጠመለት፣ ጥይቱንም ባሩዱ ለዘብ ካለው ዓይነት ሰጠው።

"ከዚህ በላይ ጎሽም አይጠይቅዎትም" አለው። "ቦታውን ካገኙት።"

ልምምዱ ከቤታቸው ጀርባ ካለው ገደል ሥር ነበር። የምታጎርሰው እሷ ናት። አንዱን እውነተኛ፣ አንዱን ባዶ፤ እሱ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ቀጭ ባለ ቁጥር አፈሙዙ ሲያጎነብስ፣ "አየሁህ" ትለዋለች። መጀመሪያ ያናድደው ነበር። እየቆየ ሲሄድ አፈሙዙ ማጎንበሱን ቀነሰ፤ "አየሁህ" ማለቷም አብሮ ቀነሰ።

ወንዝ ዳር ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው በጎሽ ተወጋ ተብሎ የተጠሩት ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ዱካውን ተከትላ ቁጥቋጦው ጋ ስትደርስ፣ ቁም ለማለት እጇን ዘረጋች፤ ጎሹ ጥላ ውስጥ ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል። ቋጥኝ እንደ ወትሮው ከፊቷ በማለፍ ፈንታ ወደ ጎን ገለል አለ።

"አንቺ ቅደሚ" አላት በሹክሹክታ።

ዞር ብላ አየችው፤ ከዚያ ተንበርክካ ተኮሰች። እንዴት እንደምትተኩስ አይቶ አያውቅም ነበር። ፊቷ ላይ አንድም ነገር አልተንቀሳቀሰም። ጎሹ ተንገዳገደ፤ ግን አልወደቀም። ዞረና ወደ እነሱ መጣ። እሷ ሁለተኛውን ለማጉረስ መዝጊያውን ስትስብ ቋጥኝ አነጣጠረ። ትከሻው መሸሽ ፈለገ፤ ተሰማው። ዓይኑን ግን አልጨፈነም። ሳበ።

ያን ጊዜ አየው። ጥይቱ ሲገባ ከቆዳው ላይ የደረቀ ጭቃ ተበተነ። የፊት እግሮቹ እንደ ተጣጣፊ ወንበር ታጠፉ። ያ ሁሉ ግዝፈት በደረቱ ጭቃውን እያረሰ መጥቶ ቆመ። የጎሹ ዓይን ተከፍቶ በቀጥታ ያየዋል፤ ከዚያ እያየው እያለ ማየቱን ተወ።

ቋጥኝ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። በድሮው ጠመንጃ የጣላቸው ከሩቅ ነበሩ፤ በዚህ ሥራ ሸብቶ፣ አንድ አውሬ በቅርብ ሲመታ ያየው ለካ ገና ዛሬ ነው። ከትልቁ ጠመንጃ ጋር የኖረው ዘመን ሁሉ፣ በዚያች ቅጽበት ላይ ጨለማ ነበር። የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጠ።

"ሁሌም እንዲህ ነው?" አላት።

"ሁሌም።"

"ዓይኑ እንዲህ ያያል?"

"ያያል" አለች፤ መጥታም አጠገቡ ተቀመጠች።

ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ስታየው መኖሯን አሰበ። እጇን ያዘ። ቆዳ ገፋፊው ከኋላ ደርሶ ሲያያቸው ትንሽ ራቅ ብሎ ቢላውን እንደገና መሳል ጀመረ።

መሥሪያ ቤት ሲገቡ አለቃው ከቢሮው ወጥቶ፣ "ቋጥኝ፣ በአዲሱም ጣልከው አሉ" እያለ እጁን ዘረጋለት።

"የመጀመሪያው ጥይት የእሷ ነው" አለ ቋጥኝ። "ትልቁን ጠመንጃ ከያዝኩ ወዲህ የወደቁትም ሁሉ የእሷ ናቸው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።"

አለቃው ሳቀ፤ ቀልዱ እስኪያልቅ ጠበቀ። ሌላ ሰው ሲስቅ አጣ። የተዘረጋው እጁ አየር ላይ እንደቀረ፣ ከቋጥኝ ወደ ሚስቱ፣ ከሚስቱ ወደ ቆዳ ገፋፊው አየ። ቆዳ ገፋፊው ራሱን ነቀነቀለት፣ እውነት ነው በሚል። አለቃው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ጎሽ ሲመጣ ከፊት የምትሄደው እሷ ናት፤ እሱ ቀጭኑን ጠመንጃ ይዞ ከኋላዋ ይከተላል። በሥራ ቦታ አሁንም ቋጥኝ ይሉታል፤ ስም አንዴ ከወጣ አይመለስም። እሱ ግን ሲጠሩት ትንሽ ቆይቶ ነው አቤት የሚለው።