ተራው የእሱ ነበር

ባሌ ቦታውን ሳይመርጥ ሞተ። ዘንድሮ ተራው የእሱ ነበር።

እኛ ቤት እንዲህ ነው። በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ወንዝና ሐይቅ ወደሚበዛበት አገር ወርደን ድንኳን እንተክላለን። የት እንደምንተክል አንድ ሰው ነው የሚመርጠው። አንድ ዓመት እሱ፣ አንድ ዓመት እኔ፣ አንድ ዓመት ልጄ። የመረጠ መረጠ፣ ሌላው አፉን ይዘጋል። ትንኝ ቢፈጀን፣ ጭቃ ቢውጠን ማማረር የለም። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው።

እኔ ሁሌም ሐይቅ ነው የምመርጠው። ላውንደሪ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ጆሮዬ ላይ ሲያፏጭብኝ ይውላል። ፀጥታ እፈልጋለሁ። እሱ ሁሌም ወንዝ። ያውም ውሃው ከድንጋይ ጋር እየተላተመ የሚጮህበትን ቦታ ፈልጎ።

ምክንያቱን እናውቃለን። ያንኮራፋል። እንደ ሰው ቢያንኮራፋ ጥሩ። መጀመሪያ ይጎትተዋል፤ ከዚያ ጭራሽ ዝም ይላል፤ ልጄ "ሞተ እንዴ?" ስትል በፉጨት ይለቀዋል። እሷ በሳቅ ትፈርሳለች።

"እኔ? እኔ አላንኮራፋም" ይላል ጠዋት።

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" እለዋለሁ።

"ባንኮራፋም ወንዙ ይሸፍንልኛል።"

የኔ ተራ ሲሆንና ሐይቅ ዳር ስንተኛ፣ እኛ እንቅልፍ እስኪወስደን ውጭ ይቀመጥ ነበር። ምን ትሠራለህ ስንለው "ዓሣ እየጠበቅኩ" ይላል።

ልቡ ነው አሉ። ቢሮው፣ ወንበሩ ላይ። ሲደወልልኝ የሰው ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። አንድ እጅጌ ቀርቶኝ ነበር። እሱን ጨርሼ ሄድኩ።

ሰው ሁሉ "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" ይለኛል። ምኑ እንደሚወጣ አላውቅም። ጠዋት እነሳለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ እመለሳለሁ። ቤቱ ፀጥ ብሏል። የምፈልገው ፀጥታ ይኸው።

ልጄ ደግሞ ከቀብሩ ወዲህ "እሺ" እና "አይ" ብቻ ሆናለች። ብዪ ስላት እሺ። ጥሩ ነሽ ወይ ስላት እሺ። አስተማሪዋ ጠርታኝ "ልጅቷ ክፍል ውስጥ አለች፣ ግን የለችም" አለችኝ። እኔስ የት አለሁ።

ትምህርት ሲዘጋ "ዘንድሮ ይቅርብን" አልኳት። ሳህን እያጠበች ነበር።

"ተራው የአባዬ ነው" አለች። "ወንዝ ነው። ሌላ ቦታ ከሆነ አልሄድም።"

ከስንት ጊዜ በኋላ የተናገረችው ረጅም ነገር ይህ ነው። እንዴት እምቢ እላለሁ።

መኪና መንዳት አልችልም። ዋርሳዬን ለመንኩት፣ የባሌን ታናሽ ወንድም። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው የሚነዳው። ዕረፍት ሲመጣ ሥራው ስለሚበዛ አንድም ቀን አብሮን ሄዶ አያውቅም። በነጋታው ሥራ ላይ ሳለሁ ደወለ።

"እታለም፣ ፈቃድ ሰጥተውኛል። ግን ሐይቅ ይሻላል፣ መንገዱ አስፋልት ነው።"

"ተራው የእሱ ነው።"

"የማን?"

"የወንድምህ።"

መናኸሪያ ነበር፤ ረዳቱ ተሳፋሪ ሲጠራ ይሰማል።

"እሺ፣ ወንዝ ይሁን" አለ።

ካውያውን አነሳሁ።

የሄድነው በባሌ መኪና ነው። ዋርሳዬ ዘለግ ያለ ነው። ገብቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ሊገፋ ሲል ልጄ ከኋላ "አትንካው" አለችው። ወንበሩ አባቷ እንዳስተካከለው ነበር። እጁን መለሰ። ያን ሁሉ መንገድ ጉልበቱን መሪው ሥር አጣጥፎ ነዳ። አንዴም አላማረረም።

ወንዙ ጋ ስንደርስ የካምፑ ጠባቂ በቦቲ ጫማ በሩ ላይ ቆሟል። ከሩቅ በእጁ "ተመለሱ" አለን።

"ሞልቶ ወጥቷል። ድንኳን የምትተክሉበት ሜዳ ውሃ ውስጥ ነው።"

"ወንድሜ፣ ትንሽ ደረቅ ጥግ አታጣልንም" አለ ዋርሳዬ።

"ዓሣ ከሆናችሁ ሞልቶልኛል።"

ዋርሳዬ ሳቀ። እኛ አልሳቅንም። ጠባቂውም አየንና ተወው።

"ወይ ሐይቁ ጋ ዙሩ፣ ቅርብ ነው። ወንዝ ካላችሁ ደግሞ ወደ ታች ሌላ ካምፕ አለ። ግን መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ይመሽባችኋል።"

ልጄ "ወንዝ" አለች።

"እህል እንቅመስና እንወስናለን" አልኩ። ዋርሳዬ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ወደ ሐይቁ ዞርን።

ሐይቁ የተተኮሰ አንሶላ መስሏል። አንዲት መጨማደድ የለችበትም። ወፍ እንኳ አይጮህም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ልጄ ከመኪናው አልወርድም አለች።

"ሚጡዬ፣ ነይ እግርሽን ዘርጊ" አላት አጎቷ። "እዚህ እኮ ያምራል።"

"አባዬ ሐይቅ መርጦ አያውቅም።"

"አባትሽ ቢኖር ኖሮ እኮ—"

"የለም" አለችው።

ቆብ ይዞ ወርዶ ሣሩ ላይ ጋደም አለ። "ጉልበቴ ይመለስልኝና ወደ ታች እንወርዳለን፣ በእኔ ይሁንባችሁ" ብሎ ቆቡን ፊቱ ላይ ደፋ። ሹፌር ነው፤ ሞተር ሲጠፋ እሱም ይጠፋል።

ዳቦ መቁረጥ ጀመርኩ። በዚህ ድካሙ ኮረኮንች ላይ በጨለማ አላስነዳውም። ሐይቁ ጋ እንደር ካልኩ ደግሞ ልጄ መኪናው ውስጥ ታድራለች። ከዚያ ወደ ቤት፣ ወደ "እሺ" እና "አይ"። ልንገራት ቀና አልኩ።

ያኔ ሰማሁት። ጎተተው።

ከዚያ ጭራሽ ዝም አለ።

ከዚያ ፉጨቱ።

ቢላው ዳቦው ውስጥ ቆመ። የመኪናው በር ሲከፈት ሰማሁ። ልጄ መጥታ ጎኔ ቁጭ አለች፣ ድምፅ ሳታሰማ። ቆቡን እያየች ነው። እንደገና ጎተተው። ዝም አለ።

"ሞተ እንዴ?" አለች በሹክሹክታ።

ፉጨቱ መጣ። አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ይሁን ሌላ አልጠየቅኋትም። ትንሽ ቆይታ እጇን አወረደች።

"እማ፣ ወንዙ ጋ ብንሆን አይሰማም ነበር አይደል?"

"አይሰማም።"

"ይኸኛው ደግሞ ሌሊትም ይሰማል?"

"ከእኛ ጋር ድንኳን ውስጥ ከተኛ ይሰማል።"

ሐይቁን አየች። መኪናውን አየች።

"ዘንድሮ ተራው የኔ ይሁን" አለች። "የአባዬን ለከርሞ እናድርግለት። ይቻላል?"

"ይቻላል።"

"እንግዲያው እዚህ።"

"የመረጠ መረጠ" አልኩ።

ዋርሳዬ ብንን ብሎ ቆቡን አነሳ። "ምነው? እንሂድ? አልተኛሁም እኮ፣ ዓይኔን ከደን አድርጌ ነው።"

"አንኮራፋህ" አለችው።

"እኔ? እኔ አላንኮራፋም።"

ልጄ ዞራ አየችኝ።

ቢላውን ከዳቦው ነቅዬ ተነሳሁ፣ ድንኳኑን ከመኪናው አወረድኩ።